ወንዴና ሴቴ በአንድ ውኃ ውስጥ፦ ከመስተዋት ገንዳ እስከ ሰበታ ኩሬዎች

ዓሣን በቤቱ ለማኖር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምግቡ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከፊተኛው ይከብዳል፤ ይኸውም ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ ውኃ ውስጥ ማኖር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ለበግና ለፍየል፣ ለዶሮም ቢሆን የዚህ ጥያቄ መልስ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አርሶ አደሩ ለስንት እናት ዶሮ አንድ አውራ እንደሚበቃ፣ ኮርማውም መቼ ከመንጋው እንደሚለይ ሳይጽፍና ሳያሰላ ያውቀዋል። በደጋው ኢትዮጵያ ግን የዓሣ ርባታ የቅርብ ጊዜ ሥራ በመሆኑ እንዲህ ያለ የተወረሰ ዕውቀት አልነበረውም። ስለዚህ ቀላል የሚመስለው ጥያቄ ኩሬ ከተቆፈረና ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሲያም ተዋጊ ዓሣ

ጥያቄውን በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ያስነሣው ትንሽ ዓሣ ቤታ ይባላል። የትውልድ አገሩ በቀድሞ ስሟ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ ስትሆን፣ የሩዝ ማሳ፣ ረግረግና ጥልቀት የሌለው ቦይ መኖሪያው ነው። ቁመቱ ከ6 ወይም ከ7 ሳንቲ ሜትር ባያልፍም የወንዴዎቹ ጠብ እጅግ የበረታ በመሆኑ የሲያም ሰዎች ለውርርድ ሲያዋጉት ኖረዋል። ዛሬ የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም በ1910 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ቴት ሪጋን ነው። የታይላንድ መንግሥትም በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ እንዲሆን ወስኗል። ይህ ዓሣ ከስንጥቡ ሌላ አየርን በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው በጠባብ ብልቃጥ ውስጥ እንኳ በሕይወት ይቆያል። ብዙ ሰው የተሳሳተውም በዚሁ ጽናቱ ነው፤ መቻሉን እንደ መመቸት ቆጥሮታልና።

የቤታ ወንዴ ለመራባት ሲዘጋጅ በውኃው ገጽ ላይ ከአየርና ከምራቁ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቴዋን ከጎጆው በታች አቅፎ እንቁላሏን ካስጣላት በኋላ፣ እየሰመጠ የሚሄደውን እንቁላል በአፉ እየለቀመ ወደ አረፋው ያወጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠባቂው አባት ነው። እናቲቱም ለእርሱ የእንቁላሉ ጠላት ሆና ትታያለች። በሩዝ ማሳ ውስጥ ሴቴዋ ሸሽታ የምትሸሸግበት ሣርና ስፋት አላት። በ20 ወይም በ30 ሊትር የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የላትም፤ ክንፎቿ ተቦጫጭቀው፣ አንዳንድ ጊዜም ሞታ ትገኛለች። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች በሁለቱ መካከል ለጥቂት ቀናት መስተዋት ይጋርዳሉ፤ ሴቴዋ ለእንቁላል መድረሷን ሲያረጋግጡ ያገናኟቸዋል፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ወዲያው እርሷን ያወጣሉ። ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው መዋኘት ሲጀምሩ ደግሞ አባትየውም ተራው ደርሶ ይወጣል።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይህን ዓሣ ለሚያኖር ሰው ሌላም ችግር አለ። ቤታ የሚፈልገው የውኃ ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ባሕር ወለሉ ከፍ ባለ ደጋ የቤት ውስጥ ውኃ በራሱ ወደዚህ ሙቀት ስለማይደርስ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ርባታው አይሳካም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ወንዴው ጎጆውን ይተወዋል። ስለዚህ «አብረው ይኑሩ ወይስ ይለዩ» የሚለው ጥያቄ የጠባይ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የስፋት፣ የሙቀትና የጊዜ ጥያቄም ነው። ይህ ሦስትነት በትንሿ ገንዳ ውስጥ እንደሚታይ ሁሉ በትልቁ ኩሬም ይታያል።

ዓሣ ወደ ደጋው የመጣበት መንገድ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ወንዞች የራሳቸው ዓሣ ቢኖራቸውም ለርባታ የሚሆን ዓሣ ከውጭ የመጣው ከግድብ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ በ1930ዎቹ የተጀመረ የመብራት ኃይል ሥራ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻና እስከ 1940 ባለው ጊዜ ካርፕ የተባለው ዓሣ ከኢጣልያ መጥቶ በዚሁ የግድብ ሐይቅ ውስጥ ተለቀቀ። የአቃቂ ውኃ ወደ አዋሽ ስለሚወርድ፣ በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅም ዛሬ ካርፕ የሚጠመድበት ነው። በ1967 ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳጅ የሆነው ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአንድ ቦታ ተሰበሰበ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ሰበታ፣ በ1970ዎቹ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ተቋቋመ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የጣቢያው ዋና ተግባር የዓሣ ጫጩት አባዝቶ ዓሣ ለሌላቸው ወይም ላነሳቸው ሐይቆች፣ ግድቦችና ኩሬዎች ማከፋፈል ነበር። ጣቢያው በኋላ ወደ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልነት አድጎ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኗል። በኩሬዎቹ ውስጥ ካርፕና ሌሎችም ዝርያዎች ቢኖሩም የአገሪቱን ገበያ በይበልጥ የሚመለከተው ቆሮሶ ነው።

ቆሮሶ በዓለም ገበያ ቲላፒያ ተብሎ የሚታወቀው ወገን ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች በተፈጥሮ ይገኛል። ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1758 ስሙን ከዓባይ ወንዝ ጋር አያይዞ ጽፎታል። ምግቡ በአብዛኛው በዓይን የማይታይ የውኃ አረንጓዴ በመሆኑ ለማኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በጾም ወራት ፈላጊው ብዙ ነው፤ ሥጋውም ለሕፃናት ተስማሚ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በገበሬው ኩሬ ቢለቀቅ ምን ይከለክላል?

የመብዛት በሽታ

የሚከለክለው የቤታ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። በቤታ ዘንድ ችግሩ ወንዴና ሴቴው አለመስማማታቸው ሲሆን፣ በቆሮሶ ዘንድ ግን ችግሩ ከመጠን በላይ መስማማታቸው ነው። የቆሮሶ ወንዴ በኩሬው ወለል ላይ ክብ ጉድጓድ ቆፍሮ ሴቴዋን ይጠራል። እርሷም እንቁላሏን ጥላ ወዲያው ወደ አፏ ትሰበስባለች፤ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩም በአፏ ተሸክማ ትጠብቃቸዋለች። በዚህ ወራት እምብዛም አትመገብም። 100 ግራም የምትመዝን እናት በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ስትጥል፣ ከ600 እስከ 1,000 ግራም የምትመዝነው ከ1,000 እስከ 1,500 ትጥላለች። ቁጥሩ ከካርፕ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ነገር ግን በእናት አፍ ውስጥ የተጠበቀ ጫጩት አብዛኛው ይተርፋል፤ ውኃው ሞቃት እስከሆነ ድረስም ርቢው በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል።

በትልቅ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 ወር ቆይቶ፣ ከ350 እስከ 500 ግራም ሲመዝን ነው። በኩሬ ውስጥ ግን በ5 ወይም በ6 ወሩ ይደርሳል። ምግብ ያነሰውና የቀጨጨው ደግሞ 20 ግራም ሳይሞላ እንኳ ሊራባ ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ኩሬ ባለው ምግብና አየር 40 ኪሎ ግራም ዓሣ የሚሸከም ነው እንበል። 200 ጫጩቶች ገብተው ሳይራቡ ቢያድጉ እያንዳንዱ 200 ግራም ደርሶ ለገበያ ይቀርባል። በመካከሉ ተራብተው 2,000 ቢሆኑ ግን ያው 40 ኪሎ ለ2,000 ተከፋፍሎ እያንዳንዱ 20 ግራም ብቻ ይሆናል። የኩሬው ጠቅላላ ምርት በሚዛን አልተለወጠም፤ ገበሬው ግን የሚሸጠው አንድም ዓሣ የለውም። ኩሬው በሕይወት የተሞላ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሞዛምቢክ ቲላፒያ በጃቫ ደሴት ተገኘ። በዚያ ያረባው ሙጃይር የተባለ ሰው ስለነበር ዓሣው እስከ ዛሬ በኢንዶኔዥያ በእርሱ ስም ይጠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓሣው የድሆችን ረሃብ ያስወግዳል ተብሎ በእስያ አገሮች ሁሉ ተሠራጨ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ኩሬዎቹ በደቃቃ ዓሣ ተሞሉ፤ ተስፋ የተጣለበት ዓሣም በብዙ ቦታ እንደ አረም ተቆጠረ። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም። ወንዴና ሴቴ በአንድ ኩሬ ሲለቀቁ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ አለመታሰቡ ነበር።

የመፍትሔው ታሪክ

መፍትሔ ፍለጋው በልዩ ልዩ መንገድ ተካሄደ። የመጀመሪያው መንገድ የተፈጥሮን ሚዛን መከተል ነው፤ ይኸውም ከቆሮሶው ጋር አምባዛን በጥቂቱ ማኖር ነው። አምባዛ ትርፍ ጫጩቶቹን ይበላል፤ ራሱም ለገበያ ይሆናል። ነገር ግን ቀድሞ ከገባ ወይም በአካል ከበለጠ የታሰበውን ዓሣ ጭምር ስለሚጨርስ የሚገባበት ጊዜና መጠን ጥንቃቄ ይሻል።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ መለየት ነው። የቆሮሶ ወንዴ ከሴቴው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግ ወንዴዎችን ብቻ ማሳደግ ድርብ ጥቅም አለው። ዓሣውን ገልብጦ ሆዱን የሚመለከት ሰው በወንዴው ሁለት ቀዳዳ፣ በሴቴው ሦስት ቀዳዳ ያገኛል። ሥራው መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሠለጠነ ዓይንና ትዕግሥት ነው። ሆኖም በሺህ ከሚቆጠሩት ውስጥ በስሕተት ያለፉ ጥቂት ሴቴዎች ድካሙን ሁሉ ከንቱ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ተለይተው የወጡት ሴቴዎችም እስከዚያ የተመገቡት ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማዳቀል ነው። ሂክሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በማላካ፣ በዛሬዋ ማሌዥያ፣ ሁለት የቲላፒያ ዝርያዎችን አዳቅሎ ልጆቹ ሁሉ ወንዴ ሆነው ማግኘቱን በ1960 አሳተመ። ዜናው ብዙ ተስፋ አሳደረ። ነገር ግን ሁለቱን ዝርያዎች ሳይቀላቀሉ ንጹሕ አድርጎ ለብዙ ዓመታት ማቆየት አስቸጋሪ በመሆኑ በየጣቢያው ውጤቱ እየተዛባ ሄደ።

አራተኛው በሆርሞን የሚከናወነው ነው። በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ያማሞቶ በትናንሽ ዓሦች ላይ ባደረገው ምርምር የዓሣ ጾታ በጫጩትነት ወራት በሆርሞን ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይኸው ዘዴ ለቲላፒያ ዋለ። ከእናታቸው አፍ ገና የወጡ ጫጩቶች ሜቲልቴስቶስቴሮን የተባለ ሆርሞን የተቀላቀለበት ምግብ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሲመገቡ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወንዴ ሆነው ያድጋሉ። በዛሬው የዓለም ገበያ የሚታየው አብዛኛው የርባታ ቲላፒያ በዚህ ዘዴ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ሆርሞኑን የሚቀላቅለው ሠራተኛ ራሱን መጠበቅ አለበት፤ ከገንዳው የሚወጣውም ውኃ በቀጥታ ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም። ወንዙ ከታች የሚጠጣው ሰው ባለበት አገር ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

አምስተኛው መንገድ በ1990ዎቹ በብሪታንያና በፊሊፒንስ ተመራማሪዎች ትብብር የዳበረው ነው። የቆሮሶ ሴቴ ሁለት የኤክስ ክሮሞሶም ሲኖራት ወንዴው አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ወንዴ ሊሆኑ የሚገባቸውን ጫጩቶች በሆርሞን ሴቴ አድርጎ ከተራ ወንዴ ጋር በማራባት ከልጆቹ አንድ አራተኛው ሁለት የዋይ ክሮሞሶም ያላቸው ይሆናሉ። እነዚህ ከተራ ሴቴ ጋር ሲራቡ ልጆቻቸው ወንዴዎች ይሆናሉ ማለት ነው። ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ ራሱ ሆርሞን አልቀመሰም። ነገር ግን ወላጆቹን መርጦ ለማቆየት በትውልድ የሚቆጠር ጊዜና ያልተቋረጠ መዝገብ ያስፈልጋል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

እነዚህ ዘዴዎች የተገኙት በአመዛኙ በሞቃት አገሮች ነው። አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ግን ደጋ ናቸው። ቆሮሶ የሚራባው የውኃው ሙቀት 24 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከ11 ወይም ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይሞታል። በሰበታ ጥልቀት የሌለው ኩሬ በበጋ ፀሐይ ቀን ይሞቅና ሌሊት ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ርቢውን ስለሚያዘገይ ለመፍትሔነት የሚያገለግል ይመስላል፤ ነገር ግን እድገቱንም አብሮ ያዘገያል። ዓሣው ገና ትንሽ ሳለ ዕድሜው ይደርስና በሞቃቶቹ ሳምንታት ይራባል። ስለዚህ ደጋው የመብዛትን በሽታ አላስቀረም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ማዘግየት ነው።

የከፍታው ሌላ ጣጣ አየር ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 77 ያህሉ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በሰበታ ግን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። በዓሣ የተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ ሊነጋጋ ሲል ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ይሆናል። በሞቃት አገር የተጻፈ መመሪያ የሚፈቅደውን የዓሣ ብዛት ሳይቀንሱ በሰበታ መተግበር ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩ ከሰበታ ትበልጣለች። በአቅራቢያዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ከ1940ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። በእንዲህ ያለ የመጠጥ ውኃ ውስጥ ዓሣ መልቀቅ የምርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የውኃ ጥራት ጉዳይ ጭምር ነው። በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ከፍ ያለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርድባታል። ያለ ሽፋን በሱሉልታ ቆሮሶ ለማርባት ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ካርፕ ግን ብርዱን ይችለዋል። የካርፕ ወንዴና ሴቴም በአንድ ኩሬ ቢያድጉ ጉዳት የለውም፤ ለመራባት ዘግይተው የሚደርሱ ከመሆናቸውም በላይ እንቁላላቸውን ለመጣል ሙቀትና የውኃ ሣር ይሻሉ። በካርፕ ዘንድ የአርቢው ድካም እንዳይራቡ መከልከል ሳይሆን እንዲራቡ ማድረግ ነው። እንግዲህ በሦስት ጎረቤት ከተሞች ለአንዱ ጥያቄ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ይገኛል።

ከሐይቅ የተገኘ ማስጠንቀቂያ

በኩሬ የተፈጸመ ስሕተት ኩሬውን በማድረቅ ይታረማል። በሐይቅ የተፈጸመው ግን አይታረምም። በወሎ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ፣ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ቀድሞ ቆሮሶ አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወንዴና ሴቴው ተለቀቁ፤ ተራቡም። ለአካባቢው ሕዝብ ቀድሞ ያልነበረ የዓሣ ሥራ ተከፈተ፤ ይህም ሊካድ የማይገባው ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሐይቁ በጥራቱ ከታወቀበት ዘመን ይልቅ ውኃው አረንጓዴና ድፍርስ መሆኑን፣ በውስጡ የነበሩት ደቃቅ እንስሳትም መለወጣቸውን አመልክተዋል። ከተራራው የሚታጠበው አፈር የበኩሉን ድርሻ ይዟል፤ የዓሣው መግባትም ከምክንያቶቹ መካከል ተቆጥሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እንዲህ ያለው ሥራ በሕግ እንዲመራ ያደረገ ነው።

ለመሐንዲሱ የሚቀረው

የዚህ ታሪክ ትምህርት ከባዮሎጂ ሊቃውንት ይልቅ ኩሬና ግድብ ለሚሠራው ባለሙያ የቀረበ ነው። የወንዴና የሴቴ ጉዳይ የሚወሰነው ዓሣው በሚለቀቅበት ቀን ሳይሆን ሥዕሉ በሚነደፍበት ቀን ነውና። ኩሬው እስከ ታች የሚፈስስበት መውጫ ከሌለው ትርፍ ጫጩቱን ለቅሞ መጨረስ አይቻልም፤ ጭቃ ውስጥ የቀሩት ጥቂቶቹ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ያበላሻሉ። በመግቢያው ወንፊት ከሌለ የተለየው ሁሉ ከቦይ በሚመጣው ይቀላቀላል፤ በመውጫው ወንፊት ከሌለ ደግሞ እንግዳው ዓሣ ወደ ወንዝ ያመልጣል። ወላጆችን፣ ጫጩቶችንና የሚያድጉትን የሚለዩ ሦስት ትናንሽ ኩሬዎች ከአንድ ሰፊ ኩሬ ይልቃሉ። ጥልቀቱም የሌሊቱን ብርድ እንዲችል ተደርጎ መመረጥ አለበት።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በነዚህ አካባቢዎች መሬት በቤትና በፋብሪካ እየተሸፈነ፣ ወንዞቹም እየቆሸሹ ሲሄዱ ለኩሬ የሚቀረው ቦታና ንጹሕ ውኃ ጥቂት ነው። ጥቂት በሆነ ውኃ ላይ ስሕተት መድገም ውድ ነው። ኩሬ ሊያስቆፍር ወደ ባለሙያ የሚመጣ ገበሬ ስለ ርዝመቱና ስለ ወርዱ ይጠይቃል። ባለሙያው ግን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚለቀቀው ዓሣ የትኛው ነው፣ ወንዴውና ሴቴውስ አብረው ይኖራሉ ወይስ ይለያሉ? መልሱ ሳይታወቅ ቁፋሮው መጀመር የለበትም።